አዲስ የሲቹዋን ምግብ ቤት ሲከፈት፦ ምን ማዘዝ፣ እንዴት መብላት፣ ምን መጠርጠር

በበርበሬና በሚጥሚጣ ያደገ ሰው ሲቹዋን ምግብ ቤት ገብቶ የሚሳሳተው ከፍርሃት ሳይሆን ከንቀት ነው። «ዶሮ ወጥ የቻለ ምላስ ምን ይፈራል» ብሎ ከሜኑው ላይ ቀይ ቀዩን ይለቅማል። አራት ምግብ ይቀርብለታል፣ አራቱም ዛላ በርበሬ ተነስንሶባቸው ዘይት ውስጥ የተኙ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምላሱ ደንዝዞ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል፤ ሲወጣም «ዘይትና በርበሬ ብቻ ነው» ይላል።

ጥፋቱ ያለው አስተዛዘዙ ላይ ነው። የሲቹዋን ባለሙያዎች በተለምዶ 24 የጣዕም ዓይነት ይቆጥራሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ በርበሬ ጨርሶ የማይገባባቸው ብዙ ናቸው። ጥሩ ወጥ ቤት የሚለየው ስድስት ምግብ ሲያቀርብ ስድስቱም የየራሳቸው ጣዕም ስላላቸው ነው። ምን ያህል ያቃጥላል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ያንን ልዩነት ለመቅመስ እንዲያመች ተደርጎ የተዘጋጀ ነው።

1. ቤቱ በእርግጥ የሲቹዋን መሆኑን ያጣሩ

ቻይና ሰፊ አገር ናት፤ የሁሉም ክፍል ምግብ አንድ አይደለም። ሲቹዋን በደቡብ ምዕራብ የምትገኝ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማዋ ቼንግዱ ናት። ቾንግቺንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ከግዛቷ ተነጥላ በራሷ ብትተዳደርም በምግብ ግን እህትማማች ናቸው፤ የቾንግቺንጉ ጠንከር፣ ዘይቱም በዛ ይላል እንጂ።

ከቻይና ውጭ የሚከፈቱ ብዙ ቤቶች ሁሉንም ክፍለ ሀገር ቀላቅለው ነው የሚሠሩት። ለማጣራት ሦስት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛ፣ ሰሌዳው ላይ ሦስት ቁልቁል የወረዱ ጭረቶች ጎን ለጎን የቆሙበትን ፊደል ይፈልጉ፤ የግራው ወደ ታች ትንሽ ጎንበስ ይላል። ያ ፊደል «ቹዋን» ይባላል፣ ሲቹዋን ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አስተናጋጁን «ሼፉ ከየትኛው ክፍለ ሀገር ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቼንግዱ፣ ቾንግቺንግ፣ ለሻን ወይም ዝጎንግ ከተባለ ጥሩ ነው። ሁናን ከተባለም የሚያቃጥል ምግብ ያገኛሉ፣ ግን የሚያደነዝዘውን ብዙ አይጠብቁ። ሦስተኛ፣ «ሁዋጂያኦ አላችሁ?» ይበሉ። ይህ የሚያደነዝዝ ቅመም የሌለበት ወጥ ቤት ስሙን ብቻ ነው የለጠፈው።

ገና የተከፈተ ቤት ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማሳለፍ አይከፋም። ወጥ ቤቱ ቶፉ የሚያቀርብለት ገና አልጸና ይሆናል፤ አስተናጋጆቹም ሜኑውን እየተማሩት ነው። መሄድዎ ካልቀረ በሥራ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለው ይሂዱ። ቅዳሜ ማታ በተጨናነቀ ምድጃ የሚወጣ ምግብ የሼፉን ችሎታ አይናገርም። ቻይናውያን የሚበሉበት ጠረጴዛ ካለ ደግሞ በዓይንዎ ይቃኙት፤ «እነሱ ያዘዙት ምንድን ነው?» ብሎ አስተናጋጅ መጠየቅ ነውር የለውም።

2. «ማ» እና «ላ»ን ይለዩ

«ላ» የበርበሬ ማቃጠል ነው፤ ይህን እናውቀዋለን። «ማ» ግን ሌላ ነው። ከንፈርንና የምላስን ጫፍ ይነዝራል፣ ከዚያ ያደነዝዛል፤ ባትሪ በምላስ የነካ ልጅ የሚሰማው ዓይነት ነው። የሚመጣው ከሁዋጂያኦ ነው። በየቦታው «የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ» ቢባልም ከቁንዶ በርበሬም ከበርበሬም ጋር ዝምድና የለውም፤ ወገኑ ከሎሚና ከብርቱካን ነው። የሚበላው የፍሬው ደረቅ ቅርፊት ሲሆን ውስጡ ያለው ጥቁር ፍሬ እንደ አሸዋ ስለሚንቋቋ ይጣላል።

ውስጡ ሳንሹል የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሚያነቃው ንክኪን የሚለዩትን ነርቮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን የተሠራ ጥናት፣ ሰዎች ከንፈራቸው ላይ የሚሰማቸው መንዘር በሰከንድ 50 ጊዜ ገደማ ከሚርገበገብ ነገር ጋር እኩል መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከንፈርዎ ሲነዝርዎ አይደንግጡ፤ አለርጂ አይደለም፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውነት ሽፍ ካለ ግን ያ ሌላ ነገር ነውና ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

በርበሬ ለእኛም ለሲቹዋንም እንግዳ ነው፤ ለሁለታችንም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ሁዋጂያኦ ግን የዚያው አገር ተክል ነው፣ በርበሬ ከመግባቱ በፊት ሲቹዋን የምትታወቀው በእሱ ነበር። ለዚህ ነው ከሁለቱ መቅረት የሌለበት «ማ» የሆነው።

ለሙከራ ምግቡ ላይ ካለው አንዲት ቅርፊት አንስተው በፊት ጥርስዎ ነከስ ያድርጉና ያውጧት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሽታ ቀድሞ፣ መንዘሩ ቀስ ብሎ ከመጣ ቅመሙ ትኩስ ነው። ምሬት ብቻ ከሆነ ወይ አርጅቷል ወይ ዘይት ላይ አርሯል። አረንጓዴው ዓይነት ሽታው ወደ ሎሚ ያደላል፤ ለዓሣ የሚመረጠው እሱ ነው።

3. ከማዘዝዎ በፊት የሚነገሩ ነገሮች

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኋላ ሳህን መመለስ ይመጣል።

በቻይና ሜኑ ላይ «ሮው» ማለት ሥጋ ነው፤ የምን እንደሆነ ካልተጠቀሰ ግን የአሳማ ማለት ነው። «ኒዩ ሮው» የበሬ፣ «ያንግ ሮው» የበግ ወይም የፍየል፣ «ጂ» ዶሮ፣ «ዩ» ዓሣ ነው። ስለዚህ በትርጉሙ ላይ «ሥጋ በቃርያ» ብቻ የሚል ካዩ «እህቴ፣ ይሄ ሥጋ የምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከባዱ ነገር ስሙ ላይ የማይታየው ነው። ፎሶሊያው፣ ደበርጃኑ፣ ዳንዳን የሚባለው ኑድል ሁሉም በተለምዶ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ይገባባቸዋል። አትክልት ሲጠበስም በአሳማ ሞራ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው «ሥጋ አለው ወይ?» ብቻ ከሆነ «የለውም» ይባላሉ፤ ሞራ ለብዙ ሼፍ ሥጋ አይደለምና። «በምን ዘይት ነው የሚሠራው?» ብለው ለብቻ ይጠይቁ።

ለጿሚ የሚባለው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ሥጋ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ እንቁላል፣ የዶሮ ዱቄት፣ የኦይስተር ሶስ፣ የሥጋ መረቅና የእንስሳ ሞራ እንዳይገባ»። የዶሮ ዱቄት ማለት ለጨው ምትክ የሚነሰነሰው ቢጫ ቅመም ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ እጅ ሳያስበው የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ወተትና ቅቤ በዚህ ምግብ ውስጥ ከስንት አንድ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ለሙስሊም ተመጋቢ የአሳማው ነገር ከተጣራ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይቀራል፦ ሥጋው ሃላል ነው ወይ? ሥጋውን ለማለስለስ የሩዝ ወይን ገብቶበታል ወይ? ሁለተኛው በብዙ የዶሮና የበሬ ምግብ ውስጥ አለ፤ ለዓሣውም እንዲሁ። አስቀድሞ ሥጋውን ቀምሞ የሚያስቀምጥ ወጥ ቤት ሲታዘዝ ብቻ ሊያወጣው አይችልም።

ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ስንዴ (ሶያ ሶስ ውስጥ አለ) የማይስማማው ሰው በግልጽ ይናገር። ጨጓራ ያለበት ደግሞ በባዶ ሆድ አይሂድ። በተለይ እስከ 9 ሰዓት ጾሞ የመጀመሪያ ጉርሻውን ቀይ ዘይት ማድረግ ሕመምን መጥራት ነው፤ ቀድሞ ነጭ ሩዝና ለዘብ ያለ ሾርባ ይግባ።

የማቃጠሉን መጠን ለመናገር፦ «ቡ ላ» አይቃጠል፣ «ዌይ ላ» ትንሽ፣ «ጆንግ ላ» መካከለኛ፣ «ቴ ላ» በጣም። ለመጀመሪያ ቀን «ጆንግ ላ» ይበቃል። «ሻኦ ማ» ሁዋጂያኦው ይቀነስ ማለት ነው። አንድ ምክር ግን ይያዙ፦ በርበሬውን ያስቀንሱ እንጂ ሁዋጂያኦውን ጨርሶ አያስወጡ። ካስወጡት የመጡበትን ነገር አልቀመሱም።

4. ትዕዛዙን ማመጣጠን

ቀላሉ ስሌት በሰው ቁጥር ልክ ሳህን፣ ሩዝና አንድ ሾርባ ነው። ለሁለት ሰው ሦስት ሳህን ይሁን፤ ከሁለት ሳህን ልዩነት አይታይም። ብቻዎን ከሆኑ አንድ ኑድልና አንድ ቀዝቃዛ አትክልት ይበቃል።

ዋናው ሕግ፦ ከአራት ሳህን ቀይ ዘይት የለበሰው ከሁለት አይብለጥ። ለአራት ሰው የሚስማማ ትዕዛዝ፣ በሾርባው ፋንታ አንድ አትክልት ገብቶበት፣ ይህን ይመስላል፦

- ፓይ ሁዋንግጓ፦ በቢላ ጎን ተጨፍልቆ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ የታሸ ኪያር። ቀዝቃዛ ነው፣ አፍ ያጥባል።
- ማፖ ዶፉ፦ ለስላሳ ቶፉ በቀይ ወጥ። የ«ማላ» መለኪያ።
- ጎንግባኦ ጂዲንግ፦ የዶሮ ቁርጥራጭ በለውዝ። ጣፋጭና ኮምጣጣ፣ በርበሬው ከኋላ የሚሰማ።
- ዩሺያንግ ቼዝ፦ ደበርጃን በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በተኮመጠጠ በርበሬ። ስሙ «የዓሣ ሽታ ያለው» ማለት ነው፣ ዓሣ ግን የለውም፤ ስሙን ያገኘው ለዓሣ ከሚውለው ቅመም ነው።
- በነጭ ሽንኩርት ብቻ የተጠበሰ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ምንም በርበሬ የሌለበት።
- አምስት ሳህን ነጭ ሩዝ፤ አንዱ ለተጨማሪ።

በጾም ቀን ማፖውና ደበርጃኑ ያለ ሥጋ ይሠራሉ፣ በዶሮው ፋንታ በኮምጣጤና በዛላ በርበሬ የተጠበሰ ቀጭን የድንች ክር ይግባ። የድንቹ ክር ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት፤ ያልበሰለ መስሎዎት አይመልሱት፣ አሠራሩ ነው። በተቃራኒው ደረቅ የተጠበሰው ፎሶሊያ ቆዳው የተጨማደደ መሆን አለበት። ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ጥርስ ላይ የሚጮኽ ከሆነ አልበሰለም፤ ጥሬ ፎሶሊያ ሆድ የሚያውክና የሚያስመልስ መርዝ ስላለው ያንን ሳያመነቱ ይመልሱ።

ሁለተኛ ቀን ሲሄዱ ደፈር ይበሉ። ፉቺ ፌይፒየን በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ፣ ምላስና ጨጓራ በቀይ ዘይት የሚቀርብበት ቀዝቃዛ ሳህን ነው፤ ዱለት ለሚወድ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ላዝጂ ደግሞ ከዶሮው ዛላ በርበሬው የሚበዛበት የቾንግቺንግ ምግብ ነው። በርበሬው አይበላም፣ ዶሮውን ከመሃል እየፈለጉ ማውጣት ነው።

5. አበላሉ

ወጥ ያለ እንጀራ በማንኪያ ቢበላ ጨውና ቅመሙ ይበዛል፣ ለእንጀራ ታስቦ ነዋ የተሠራው። እዚህም እንጀራው ሩዙ ነው። ማፖን እንደ ሾርባ በማንኪያ እየጠጡ «ጨው በዝቶበታል» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። በየግል ሳህንዎ ሩዝ ያድርጉ፣ ከመሃሉ ሳህን ትንሽ አንስተው ሩዙ ላይ ያሳርፉ፣ ዘይቱ ሩዙን ይንካ፣ ከዚያ ይብሉ። ቾፕስቲክ ካስቸገረ ማንኪያ ይጠይቁ። ማፖን ቻይናውያንም በማንኪያ ነው የሚበሉት።

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ኪያሩና አረንጓዴው፣ ቀጥሎ ጎንግባኦውና ደበርጃኑ፣ ማፖውና ሌላው ደንዛዥ ነገር በመጨረሻ። ምግቡ ግን እንደ ደረሰ እየወጣ እንጂ በተራ አይመጣም፤ ማፖው ቀድሞ ከመጣ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሌላውን መጠበቅ ነው። ሾርባውን በቻይና ልማድ መጨረሻ ያመጡታል፣ ቀደም ብሎ ከፈለጉት ይናገሩ።

ሲያቃጥል ውኃ አይረዳም። የበርበሬው ማቃጠያ በውኃ አይሟሟም፤ ወደ ጉሮሮ ነው የሚገፋው። አምቦ ውኃና ቢራ ደግሞ ጋዛቸው ምላስ ላይ እየፈነዳ ያባብሱታል። የሚረዳው ሩዝ አፍ ውስጥ ይዞ ማቆየት፣ ወተት ወይም እርጎ፣ ጣፋጭ የአኩሪ አተር ወተት (ለጿሚም ይሆናል) ነው። ለ«ማ» መድኃኒቱ ጊዜ ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ ሌላ ነገር እየበሉ ይጠብቁ።

6. ምግቡ በትክክል መሠራቱን ማወቂያ

ማፖ ዶፉን ቀድመው ይመርምሩ፣ ወጥ ቤቱ ሊደበቅበት የማይችለው ምግብ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1862 በቼንግዱ ሰሜን ድልድይ አጠገብ በተከፈተ ቤት ፊቷ ፈንጣጣ ያጎደጎደው የቼን ቤተሰብ ሴት ትሠራው እንደነበር ይነገራል፤ «ማፖ» የሚለውም እሷን ነው። የጀርባ አጥንቱ ዶባንጂያንግ ነው። ይህ ከባቄላና ከቀይ በርበሬ ተደባልቆ ለረጅም ጊዜ በማሰሮ የሚብላላ ማባያ ነው። ስልጆ የሚያውቅ ሰው የተብላላ ባቄላን ሽታ ይለየዋል፤ አዋዜ የሚያውቅም መልኩን። ከቼንግዱ ጎን ካለችው ፒሺየን የሚመጣው ስመ ጥሩ ነው።

ሳህኑ ሲመጣ እየተንተከተከ ይሁን፣ ለብ ያለ ማፖ ማፖ አይደለም። ቶፉው አራት ማዕዘኑን ሳይፈርስ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ይቁም። ዳሩ ላይ ጥርት ያለ ቀይ ዘይት ይታይ። ላዩ ላይ የተፈጨ ሁዋጂያኦ እንደ መከለሻ መጨረሻ ላይ ተነስንሶበት ይሁን፤ ለ400 ግራም ቶፉ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃዋል።

ምን ይበላሻል? ሳህኑ ሥር ውኃ ካቀረረ ቶፉው አስቀድሞ በጨው ውኃ አልተነከረም ወይም ማወፈሪያው ስታርች በአንድ ጊዜ ተደፍቷል። ሙያው ስታርቹን በውኃ በጥብጦ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍሎ ማስገባት ነው። መልኩ ከቀይ ወደ ጥቁር ካደላና ከመረረ ዶባንጂያንጉ በኃይለኛ እሳት አርሯል፤ ወጥ ሠሪ ሁሉ እንደሚያውቀው ቁሌት በችኮላ አይወጣም። ቀይ ሆኖ ጣዕሙ ባዶ ከሆነ ደግሞ ማባያው ተቆጥቦ የበርበሬ ዱቄት ብቻ ተጨምሯል። ጣፋጭ ከሆነ ሼፉ ለውጭ ሰው ብሎ አለሳልሶታል፤ ለዚህ መፍትሔው ጠርቶ «እንደ አገራችሁ ይሠራልን» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል።

ጎንግባኦ ከመላው ዓለም ሜኑ የማይጠፋ በመሆኑ እጅግ የተበላሸውም እሱ ነው። ስሙ የሲቹዋን አስተዳዳሪ ከነበረው ዲንግ ባኦጄን ማዕረግ የመጣ ነው (የሞተው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው)። ዶሮው አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ያህል ኩብ፣ ቢቻል ከጭኑ፣ ይሁን። ሶሱ ቁርጥራጩን ይለብሳል እንጂ ሳህኑ ላይ አይተኛም። መጀመሪያ ኮምጣጣው ቀጥሎ ጣፋጩ መሰማት አለበት፤ ቻይናውያን ይህን የሊቺ ጣዕም ይሉታል፣ ሊቺ ባይኖርበትም። ዛላው ቡናማ ቀይ ሆኖ መቅረት አለበት። ጠቁሮ ከሆነ ዘይቱ ከመጠን በላይ ግሎ ነበር፣ ምሬቱም ወደ ሁሉም ይሄዳል። ለውዙ ኩርሽም ካላለ ቀድሞ ገብቶ ላብ ጠጥቷል፤ የሚጨመረው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነው። ካሮት የሞላበት፣ ሶሱ የወፈረ ከሆነ ዶሮ ጥብስ ነው፤ ሊጣፍጥ ይችላል፣ ጎንግባኦ ግን አይደለም።

ሽዌጁ ዩ በትርጉም «በውኃ የተቀቀለ ዓሣ» ነው። ይህ ስም ስንቱን አሞኝቷል! ጨጓራዬን ብሎ ቅቅል ያዘዘ ሰው፣ አንድ ጣት የሚያህል ቀይ ዘይት የተኛበት ጎድጓዳ ሳህን ይመጣለታል። ሥሩ የባቄላ ቡቃያ ወይም ሌላ አትክልት አለ፣ በላዩ ዓሣው፣ በላዩ በርበሬና ሁዋጂያኦ፣ ከዚያ የፈላ ዘይት ፈስሶበታል። ፈሳሹ አይጠጣም። ዓሣውን በቀዳዳ ጭልፋ ያውጡ፣ ዘይቱ ይንጠብጠብ፣ ሩዝ ላይ ያድርጉት። ለሦስት አራት ሰው የሚበቃ ስለሆነ ለሁለት ሰው ትንሹን መጠን ይጠይቁ። እዚህ አገር በቆሮሶ ወይም በአምባዛ ሊሠራ ይችላል፤ እሾህ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ዓሣው እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ ካልተቆረጠ፣ ወይም ከስታርች ጋር ካልታሸ፣ ይደርቃል። ዋጋው በክብደት ከሆነ «በኪሎ ነው በጂን?» ማለትዎን አይርሱ። ጂን ግማሽ ኪሎ ነው፤ ሳይጠይቁ ያዘዙ ሰዎች ሂሳቡ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ከሁሉም በላይ አንድ ፈተና አለ፦ የማፖውን ወጥ፣ የደበርጃኑንና የጎንግባኦውን ሶስ በማንኪያ ጫፍ ተራ በተራ ይቅመሱ። ሦስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ወጥ ቤቱ ከአንድ ባልዲ ነው የሚጨልፈው።

7. ሆት ፖት ካለ

ጠረጴዛው ላይ ድስት እየፈላ ጥሬውን እየነከሩ የሚበሉበት ነው። ሁለት ክፍል ያለውን ድስት (ዩዋንያንግ) ይዘዙ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። የቾንግቺንጉ ቀይ በበሬ ሞራ ስለሚሠራ ለጾም አይሆንም፣ የአትክልት ዘይት ያለውን ይጠይቁ። ነጩም ብዙ ጊዜ የአጥንት መረቅ ነው፤ ለጿሚ የእንጉዳይ ወይም የቲማቲም ይባል።

የማብሰያ ደቂቃዎችን ከቻይና ቪዲዮ ላይ የተማረ ሰው አዲስ አበባ ላይ ይሳሳታል። ከተማዋ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የድንች ቁራጭ አምስት ደቂቃ ከተባለ እዚህ ሰባት ስምንት ይቆይ። ዶሮ መሃሉ ነጭ እስኪሆን ድረስ አይውጣ። በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ መልኩ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ፣ ይደርሳል። ሽንፍላ ግን የተለየ ነው፦ በቾፕስቲክ ይዘው ሰባት ጊዜ ብቅ ስምንት ጊዜ ጥልቅ፣ 15 ሰከንድ ያህል። ካለፈ ጎማ ይሆናል። ይህ ዘዴ የሚሠራው በደንብ ለታጠበና ለታመነ ሽንፍላ ብቻ ነው። ቤቱን ገና የማያውቁት ከሆነ ይለፉት።

ጎመንና ቅጠላ ቅጠል ቀዩ ውስጥ አይክተቱ፣ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ይጠጡታል። በጥሬ ሥጋ መያዣው ቾፕስቲክ አይብሉ፤ ሁለት ጥንድ ያስመጡ። ማጥቀሻው የሰሊጥ ዘይትና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ነው። ዘይት በዘይት ላይ ቢመስልም ከድስቱ የወጣውን ያበርዳል፣ ማቃጠሉንም ያለዝባል።

8. ሂሳብና የተረፈው

ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ያካትት እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። የሻይና የእርጥብ ፎጣ ዋጋ ለብቻ የሚያስከፍሉም አሉ፤ ካልፈለጉ ሳይነኩ ይመልሱ።

ጎንግባኦና ደበርጃን ወደ ቤት ሊወሰዱ ይችላሉ። ማፖም ያው ነው፤ በማግስቱ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርገው በዝግታ ካሞቁት እንዲያውም ይጠልቃል፣ ሁዋጂያኦ ግን አዲስ ቢነሰነስበት ጥሩ ነው፣ ሽታው በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ላዝጂ ይልማል፤ እዚያው ይጨርሱት። ከሽዌጁ ዓሣውን ብቻ ይውሰዱ፣ ዘይቱን ይተዉ። ሩዙ ከተቀዳ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ፤ ውጭ ያደረ ሩዝ ቢሞቅም የሚያመው መርዝ አይጠፋለትም።